ከሰል በስድስት ብር

አዋሳ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1974 ዓ.ም.

ልጄ ጽጌሬዳ፣

ደብዳቤሽ ከጎሬ በአሥራ ስምንት ቀኑ ደረሰ። እኔ ከአሥረኛው ቀን ጀምሮ ስጨነቅ ነበር። እናትሽ "ዝናብ መንገድ ዘግቶ ይሆናል" ብላኝ ሥራዋን ቀጠለች። ደብዳቤሽን ስንከፍት ለካ ዝናቡ ነው። ሁሌም እንዲህ ናት፤ እኔ ነኝ በከንቱ የምከሳው።

ሳልሽ ለቀቀሽ ወይ? የቤትሽ በር ከውስጥ መቀርቀሪያ አለው? ውሃ አፍልተሽ ነው የምትጠጪው? እነዚህን ሦስቱን ሳትዘይ መልሺልኝ።

አንቺ የጠየቅሽኝን ደግሞ እንዳይዘለኝ በቁራጭ ወረቀት ጽፌዋለሁ፤ ተራ በተራ ልመልስልሽ።

አንደኛ፣ የእናትሽ ጉልበት ተሽሎታል።

ሁለተኛ፣ ላምባ ከመስከረም ወዲህ ጨምሯል። ነዳጅ በውጭ አገር ስለተወደደ መንግሥትም ጨመረ። በዚያ ላይ የቀበሌያችን ሱቅ ለአንድ ቤት በወር ሁለት ሊትር ብቻ ነው የሚሸጠው። ስለዚህ የላምባ ምድጃዋን አጥበን አልጋ ሥር አስገብተናታል፤ ያለችን ላምባ መብራት ሲጠፋ ለፋኖስ ናት። ጎረቤቱም እንደኛው ነው። ላምባ የተወ ሁሉ ወደ ከሰል ዞሯል።

ሦስተኛ፣ ከሰል። "ጆንያው ስንት ገባ" የሚለውን ሁለት ጊዜ ያሰመርሽበት ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ስድስት ብር ነው። በታሪፉ ነው።

አሁን አስተማሪ ስለሆንሽ ለተማሪዎችሽ እንድታስረጂበት ሥራዬን ልንገርሽ። በየሦስት ወሩ ከዋናው መሥሪያ ቤት ፎርም ይመጣል፤ በአዋሳ ማገዶ፣ ከሰልና ላምባ ስንት እንደሚሸጥ ይጠይቃል። እሞላለሁ፣ እፈርማለሁ። እነሱ ያንን አይተው ታሪፉን ይወስናሉ። ታሪፉ ተመልሶ ሲመጣ ስቴንስል አስመትቼ አባዝቼ ገበያው ሰሌዳ ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ከሥሩ "ጉልላት" የሚል የእኔ ፊርማ አለ። ካቻምና የነበረው ሠራተኛ ዋጋውን ነጋዴ እየጠየቀ ነበር የሚሞላው። ነጋዴ ይዋሻል። ሰፈር ብጠይቅ ሰፈር ያጋንናል። ስለዚህ እኔ ይህን ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ በዕድሜዋ ዋሽታ የማታውቅ አንዲት ሴት ጠይቄ እሞላለሁ። እናትሽን። አራት ፎርም እንዲህ ሞልቼ አንዱም ጥያቄ አልተነሳበትም።

ስለ እናትሽ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ማክሰኞና ቅዳሜ የሴቶች ማህበር ስብሰባ አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም። እኔ እንኳ የመሥሪያ ቤቱን ውይይት እግሬን አመመኝ ብዬ የምቀርበት ጊዜ አለ። ማህበሩ የእጅ ሥራም ያስተምራቸዋል መሰለኝ፣ ጣቶቿ እዚህም እዚያም ተቆራርጠዋል። ስጠይቃት "ሥራ ያለመደ እጅ ነው" ብላ ሳቀች። በአርባ ሦስት ዓመቷ አዲስ ነገር ትማራለች። እንዲህ ያለች ሴት ይዤ እኔ በምን እጨነቃለሁ? ግን እጨነቃለሁ። መቀርቀሪያውን አትርሺ።

አባትሽ ጉልላት

*

ጎሬ፣ ኅዳር 9 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለውድ አባባ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስ። ሳሉ ለቆኛል። መቀርቀሪያ አለው። ውሃ አፈላለሁ። ይኸው ሦስቱንም ተራ በተራ መለስኩ፤ እንዳይከሱ።

ልጆቹ ሰባ ሁለት ናቸው። የሁሉንም ስም ይዣለሁ፤ ስም ዝርዝር መሸምደድ ከማን እንደወረስኩ ያውቁታል።

አባባ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። የታኅሣሡን ፎርም ሲሞሉ ከእማዬ ሌላ አንድ ሁለት ሰው ቢጠይቁ ምን ይመስልዎታል? ለምሳሌ ጎረቤታችንን እትዬ ብርሃነሽን። እማዬን አላምንም ማለቴ አይደለም። እኛ ማሰልጠኛ ሳለን አስተማሪያችን አንድ ልጅ ብቻ ጠይቃችሁ ክፍሉ ገብቶታል አትበሉ ይለን ስለነበር ነው።

ማር ወደ አዋሳ ከሚመጣ ሰው ጋር ልኬያለሁ። ግማሹ የእማዬ ነው፣ ግማሹን ለእትዬ ታቢታ ይስጡልኝ። ከሰል ይዛ ስትመጣ ሁሌ ስለኔ ትጠይቅ ነበር።

እማዬ ጣቷን ቫዝሊን ትቀባው። ስለ ጣቷ ደግሞ ብዙ አይጠይቋት እባክዎ።

ልጅዎ ጽጌሬዳ

*

አዋሳ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 1974 ዓ.ም.

ልጄ ጽጌሬዳ፣

አንደኛ፣ ምክርሽን ሰምቼ እትዬ ብርሃነሽን ጠየቅኋት። አሥራ አምስት ብር አለችኝ። አሥራ አምስት! ያቺን ሴት ታውቂያታለሽ፣ አምና አንድ ጉማሬ ከሐይቁ ወጥቶ ጎመኗን ቢበላባት ሦስት አድርጋ ነው ያወራችው። እቤት ገብቼ ለእናትሽ ስነግራት አልሳቀችም፤ ጎንበስ ብላ ምድጃውን ማራገብ ጀመረች። "ታዲያ አንቺ በስንት ገዛሽ?" አልኳት። "ያው በዋጋው ነው፣ በስድስት" አለችኝ። ስድስት ብዬ ሞላሁ፣ ፈረምኩ፣ ላክሁ። ይህ አምስተኛው ነው። ቅር አይበልሽ፣ አንቺ እንዳልሽው ጠይቄያለሁ።

ሁለተኛ፣ አንድ ነገር አሳስቦኛል። ከሰል ከገበያው እየጠፋ ነው። ሐሙስ ዕለት ሰሌዳው ሥር ቆሜ ብጠብቅ አንድም አህያ አልመጣም። አለቃችን ጓድ በኃይሉ ነጋዴው ደብቆ ነው ይላል። ከጥር ጀምሮ ከታሪፍ በላይ የሸጠ ከነጆንያው ይያዛል ተብሏል። እኔም ደግፌያለሁ። ሰው ሁሉ እንደ ታቢታ ቢሆን ኖሮ እኮ ይህ አያስፈልግም ነበር። ባሏ የሞተባት፣ ከዚያ ሁሉ ርቀት በአህያ ጭና የምትመጣ ሴት፣ በዚህ ጊዜ ለእናትሽ በስድስት ትሸጣለች። መሸለም ያለባት እሷ ናት፤ አንድ ቀን በስብሰባ ላይ ተነስቼ ባልናገርላት ምን አለ በይኝ።

ሦስተኛ፣ ማሩ ገና አልደረሰም። ያመጣዋል ያልሽው ሰው ስሙ ማን ነው? በየትኛው አውቶቡስ ነው የሚመጣው? ቤታችንን ያውቃል?

አባትሽ

*

አዋሳ፣ የካቲት 10 ቀን 1974 ዓ.ም.

ልጄ፣

ይህ አጭር ነው። በጥያቄሽ ላይ ያለውን ሁሉ አሁን መመለስ አልችልም፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።

እናትሽ ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ።

ማሩ ደረሰ። የታቢታን ድርሻ በእጇ አልሰጠናትም፤ ከእሁድ ጀምሮ ቀበሌ ታስራለች። ከሰል በአሥራ አምስት ብር በመሸጥ ነው። እናትሽ ጠዋትና ማታ ምግብ ትወስድላታለች፤ ማሩንም ዳቦ ላይ ቀብታ ወስዳላታለች።

ያሳሰርኳት እኔ ነኝ። ላድናት ብዬ።

ሌላውን በሚቀጥለው እጽፍልሻለሁ።

አባትሽ

*

ጎሬ፣ የካቲት 28 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለውድ አባባ፣

ደብዳቤዎን አምስት ጊዜ አነበብኩት። ተራ ቁጥር የለውም። ከእርስዎ ተራ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ደርሶኝ ስለማያውቅ ፈራሁ።

አባባ፣ ይቅርታ እለምናለሁ። አውቅ ነበር። አምና ክረምት ለዕረፍት ስመጣ ከእማዬ ጋር ጆንያ ልናመጣ ሄደን ስትከፍል አየሁ። ያኔ አሥራ ሁለት ነበር። ስብሰባ የምትሄድ የሚመስልዎትም ሐይቁ ዳር ነው፤ ለዓሣ አጥማጆች በናይለን ክር መረብ ትሠራለች። በስድስቱና በአሥራ ሁለቱ መሃል ያለውን የምትሞላው በዚያ ነው። በወንጌል አስማለችኝ። እኔ ደግሞ መማሌንም እውነቱንም አንድ ላይ ለመጠበቅ ብዬ "ሌላ ሰው ይጠይቁ" እያልኩ በዙሪያው ስዞር ከረምኩ። ያኔ በግልጽ ብነግርዎ ኖሮ ታቢታ ዛሬ እቤቷ ነበረች።

ምን ተብላ ነው የታሰረችው? እርስዎስ ምን አሉ? የመጋቢቱ ፎርም ደግሞ ደርሷል? ምን ሊጽፉበት ነው?

ልጅዎ ጽጌሬዳ

*

አዋሳ፣ መጋቢት 14 ቀን 1974 ዓ.ም.

ልጄ ጽጌሬዳ፣

አልተቀየምኩሽም። መጀመሪያ ይህን እወቂ። ቀጥሎ ደግሞ አሁን ሁሉንም እነግርሻለሁ።

ታቢታን ሐሙስ ገበያ ከአሥራ አራት ጆንያ ጋር ያዟት። እሁድ የቀበሌው ስብሰባ ላይ ጉዳይዋ ቀረበ። በአሥራ አምስት ሸጣለች የሚሉ ሰዎች ነበሩ፣ እሷ ግን አዎም አይደለምም ሳትል ቆማለች። ሊቀመንበሩ ለዚህ ጊዜ ተመክራ ትሂድ ወደሚለው ያዘነበለ ይመስል ነበር። ዝም ብል ኖሮ ትሄድ ነበር። እኔ ግን ቃል የገባሁትን አስታወስኩና ተነሳሁ። የታሪፍ ሠራተኛ መሆኔን ተናገርኩ፤ ይህች ሴት ለእኔ ቤት ሁልጊዜ በስድስት ብር እንደምትሸጥ መሰከርኩ። እንዲያውም ትሸለም አልኩ።

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አስቀመጠና "ለሕዝቡ በአሥራ አምስት፣ ለታሪፍ ሠራተኛው በስድስት?" አለ። "ጓድ ጉልላት፣ ይህ በእናንተ መሥሪያ ቤት ምን ይባላል?"

ጉቦ ይባላል። በአፌ አላልኩትም፣ ግን ሁሉም ሰምቶታል። የመጣልኝ ሐሳብ አንቺ ነሽ፤ በጎሬ ምን ይሏት ይሆን አልኩ።

ያን ጊዜ ታቢታ ቀና አለች። "ለጋሽ ጉልላት ቤትም በአሥራ አምስት ነው የምሸጠው" አለች። "በስድስት ለማንም አልሸጥኩም። እሳቸው አያውቁም።" በአንድ አፍ እኔን ከጉቦ አወጣችኝ፣ ራሷን ወደ እስር አስገባች። ልጄ፣ አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። እኔ ለሷ ሽልማት እጠይቃለሁ እያልኩ እሷ እኔን ሸለመችኝ።

አንዳንዱ መሳቅ ጀመረ። ከሴቶቹ ወንበር እናትሽ ተነሳች። ነጠላዋን አስተካክላ "ጓድ ሊቀመንበር፣ እውነቷን ነው። የገዛሁት እኔ ነኝ" አለች። ለምን ከባልሽ ደበቅሽ ብሎ ጠየቃት። እሷም ወደኔ ሳታይ፦

"የሱን የዋጋ ዝርዝር የሚያምን አንድ ቤት እንኳ ይኑር ብዬ ነው።"

ከዚያ ወዲያ የሳቀ ሰው የለም።

ከስብሰባው ተያይዘን ወደ ቤት ሄድን። በር ላይ ስንደርስ እጇን ይዤ ጣቶቿን አየኋቸው። አንድ ዓመት ሙሉ ሳያቸው ኖሬ አላየኋቸውም። ምን ልበላት? "ስብሰባ ጥሩ ነበር?" አልኳት። ያን ጊዜ አለቀሰች፣ መልሳም ሳቀች።

ግን ነገሩ በዚህ አላለቀም። ተቀምጬ ሳስበው የባሰውን አገኘሁት። እናትሽ ለእኔ ክብር ብላ ስድስት አለችኝ። እኔ እናትሽን አምኜ ስድስት ጻፍኩ። አዲስ አበባ እኔን አምነው ታሪፉን ስድስት ላይ አቆሙት። ስድስት ላይ ስለቆመ ከሰል አምጪው ቀረ፤ የመጣው ተያዘ፤ ስለዚህ አሥራ ሁለት የነበረው አሥራ አምስት ገባ። ያንን ለመሙላት እናትሽ ተጨማሪ መረብ ሠራች። ያ ሁሉ ዞሮ ዞሮ የተነሳው ከእኔው ማዕድ ቤት ነው።

የታቢታን ወጪ እስር ቤቱ በር ላይ ቆሜ ጠየቅኋት፤ ለአንድ ጆንያ፦ ለእንጨቱ ሦስት ብር፣ ለአክሳዩ አራት፣ ለባዶ ጆንያ አንድ፣ ኬላ ላይ አንድ ከሃምሳ፣ ለአህያዋ መኖ ሁለት። ሳትበላ ሳትጠጣ አሥራ አንድ ከሃምሳ። እኔ በፊርማዬ በስድስት ሽጪ እላት ነበር።

ከዚያ በኋላ አርባ ቤት ዞርኩ፣ ስምና ዋጋ እየጻፍኩ። እናትሽ ናት እያስተዋወቀች ያስገባችኝ። በየበሩ ይስቁብኛል። ሰፈሩ "ጋሽ ስድስት ብር" ብሎ ስም አውጥቶልኛል፤ እትዬ ብርሃነሽማ "ጋሽ ስድስት ብር መጡ፣ ለኛም ከሚገዙበት ይግዙልን!" ብላ እስከ መንገድ ሸኘችኝ። ግን ሁሉም እውነቱን ነገሩኝ። ላምባ ያለቀባቸው ሽሮአቸውን በምን እንደሚያበስሉ፣ አንዷ የቁም ሣጥኗን በር ፈልጣ እንዳነደደች ጭምር። ከአርባው ቤት በስድስት የገዛ አንድም የለም።

ፎርሙ መጋቢት 30 ይላካል። ጓድ በኃይሉ ክፉ ሰው አይደለም፤ በሩን ዘግቶ መከረኝ። አሥራ አምስት ብጽፍ ያለፉትን አምስት ፎርሞች ያወጣሉ፣ የኢኮኖሚ አሻጥር ካሉህ ከሥራ መባረር ብቻ አይደለም አለኝ። "ስምንት ጻፍ፣ በሰኔ አሥር፣ ቀስ በቀስ እናወጣዋለን።" ስምንት ከጻፍኩ እኔ እተርፋለሁ። ታቢታ ግን በስምንትም ቢሆን በአሥራ አምስት የሸጠች ወንጀለኛ ናት።

አሥራ ስድስት ቀን አለኝ። ደብዳቤሽ ይደርሳል ወይስ አይደርስም እያልኩ እቆጥራለሁ።

አባትሽ

*

ጎሬ፣ መጋቢት 23 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለውድ አባባ፣

በአጋጣሚ አዋሳ ድረስ የሚሄድ ሾፌር ስላገኘሁ እንዲደርስ ብዬ ባጭሩ ጻፍኩ።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የሒሳብ ፈተናዬ ተሳስቶ ተደምሮ ስልሳ ስምንቱ ሰባ ስምንት ሆኖ መጥቶ ነበር። እርስዎ በጣትዎ ደምረው አገኙት። በማግስቱ እጄን ይዘው ትምህርት ቤት ወስደው አሥሩን አስቀነሱልኝ። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ሳለቅስ መጣሁ፣ አንድ ወርም አኮረፍኩዎ።

ዛሬ ሰባ ሁለት ልጆች ፊት የምቆመው በዚያ በስልሳ ስምንቱ ነው።

ስለ እኔ አያስቡ። በጎሬ ምን ይሏት ይሆን ላሉት፣ የጉልላት ልጅ ይሉኛል። እወደዋለሁ።

ልጅዎ ጽጌሬዳ

*

አዋሳ፣ ሰኔ 20 ቀን 1974 ዓ.ም.

ልጄ ጽጌሬዳ፣

ሾፌሩ መጋቢት 29 ማታ በር አንኳኳ። እስካሁን ዝም ያልኩት ነገሩ ሳይለይ አንቺን እንዳላስጨንቅ ብዬ ነው። አንቺ ደግሞ በዝምታዬ ስትጨነቂ እንደከረምሽ እናትሽ ነገረችኝ። እንግዲህ ይቅር ተባባልን።

አሥራ አምስት ጻፍኩ። የአርባውን ቤት ዝርዝር አያያዝኩበት። ከሥሩም በገዛ እጄ እንዲህ ብዬ ጨመርኩ፤ "ያለፉት አምስት ፎርሞች የተሞሉት አንድ ቤት ብቻ በመጠየቅ ነው። ያ ቤት የእኔ ነው። ጥፋቱ የጠየቅሁት የእኔ እንጂ የመለሰችው አይደለም።" ጓድ በኃይሉ አነበበው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ማኅተሙን ግን አልከለከለኝም።

ከዚያ ሦስት ሳምንት ጸጥታ። ከፋሲካ በኋላ ሁለት ሰዎች ከአዲስ አበባ መጡ። ሁለት ቀን ጠየቁኝ። ምን እንደጠየቁኝ አልጽፍልሽም፤ ስትመጪ ይነገርሻል። በሁለተኛው ቀን ከአርባዎቹ ቤቶች አሥሩን ራሳቸው ሄደው አንኳኩ። እናትሽ በሰፈሩ ቀድማ ዞራ ኖሮ ሴቶቹ በር በራቸው ላይ ቆመው ነው የጠበቋቸው። አሥሩም አሥራ አምስት አሉ። እትዬ ብርሃነሽ እንኳ ምንም ሳትጨምር አሥራ አምስት ብቻ አለች።

ውጤቱን በተራ ልጻፍልሽ፤ ተራ ቁጥሬ ተመልሷል።

አንደኛ፣ ታቢታ ግንቦት 4 ተፈታች። ከአሥራ አራቱ ጆንያ አሥራ አንዱ ተመለሰላት። ሦስቱ የት እንደደረሱ የሚያውቅ የለም።

ሁለተኛ፣ አዲሱ ታሪፍ አሥራ ሦስት ብር ሆኗል። ባለፈው ሐሙስ ገበያው ላይ አሥራ ዘጠኝ አህያ ቆጠርኩ።

ሦስተኛ፣ ላምባ ያው ነው። እሱ ከእኔ ፎርም በላይ ነው።

አራተኛ፣ እኔ ከታሪፍ ሥራ ተነስቼ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመድቤያለሁ፤ የዘንድሮ የደመወዝ እርከን ጭማሪዬም ቀርቷል። ታይፕራይተር፣ የተሰበረ ወንበር፣ ጥቅል ሽቦ እቆጥራለሁ። ወንበር አይዋሽም፣ ለክብሬም አይጨነቅም። እውነቱን ልንገርሽ፣ እዚያ ልብ ይረጋል።

ታቢታ የተፈታች ዕለት በቀጥታ ወደኛ ቤት መጣች። እጇን ልስም ጎንበስ ስል አነሳችኝ። "ጋሽ ጉልላት፣ አሁን በታሪፍ እሸጥልዎታለሁ" ብላ ሳቀች። አህያዋ የጓሮ ጎመናችንን እስክትጨርስ ተቀምጠን ስናወራ ዋልን።

እናትሽ መረቡን እቤት አምጥታዋለች። ከእንግዲህ ማክሰኞና ቅዳሜ ስብሰባ የለም። እኔ ከሥራ ስመለስ ክሩን በጠፍጣፋዋ የእንጨት መርፌ ላይ እጠቀልልላታለሁ፤ እሷ ትቋጥራለች። ቶሎ ቶሎ ይወሳሰብብኛል። አንድ ሰው ያን ሁሉ ቋጠሮ አንድም ሳይፈታበት እንዴት እንደሚይዝ ሳይ አፌን ከፍቼ እቀራለሁ። "ምነው?" ትለኛለች። ምንም እላታለሁ።

ትናንት ቅዳሜ እናትሽ ጆንያዋን በጋሪ አስጭና መጣች። እንደ ድሮው በር ላይ ተቀብዬ "በስንት ገዛሽ?" አልኳት። ጆንያውን አውርዳ፣ እጇን አራግፋ፣ ዓይኔን አየችኝ።

"አሥራ አራት። አንዷን ብር ብከራከረውም ሻጩ አልቀነሰልኝም።"

ከታሪፉ አንድ ብር በላይ ነው፣ ልጄ። ተወዷል። በዕድሜዬ ዋጋ ሰምቼ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አባትሽ ጉልላት